ያ ቁጥር የማን ነው?

እናቴ የወይንሐረግ ብቻዋን ምሳ እንኳን አይወርድላትም። የደም ግፊት መለኪያውን ብቻዋን ትጠቀማለች ብዬ ማሰቤ የኔ ሞኝነት ነው።

ማሽኑን የሰጣት የምትታከምበት ክሊኒክ ነው። ክንዷ ላይ ታስረዋለች፣ ይነፋል፣ ቁጥሩ በራሱ ጊዜ ክሊኒኩ ኮምፒውተር ላይ ይደርሳል። እዚህ አሜሪካ እኔ የምኖረው ሲልቨር ስፕሪንግ፣ እሷ ራቅ ብላ አሌክሳንድሪያ፣ ላንድማርክ ሰፈር ስለሆነ፣ ከሐሳብ ተገላገልኩ ብዬ ነበር።

አንድ ቅዳሜ ሥራ ላይ እያለሁ የክሊኒኩ ነርስ ሉባባ ኮል አደረገችኝ።

"የእናትሽ ግፊት ከመጠን በላይ ወጥቷል። ስደውል አያነሱም።"

ቤልትዌዩን፣ ያንን የከተማ ዙሪያ አውራ ጎዳና፣ እንዴት እንደነዳሁት እኔና እግዜር ነን የምናውቀው። እያለቀስኩ በሩን ስከፍት፣ እማዬ የአንዲት ጎረቤቷን እጅጌ ሰብስባ መለኪያውን ታስራለች። ሶፋው ላይ ሌሎች ተራ ይጠብቃሉ። ስልኳ መኝታ ቤት ቻርጅ ላይ ነው።

"እማዬ! ይሄ እኮ ላንቺ ብቻ የተሰጠ ነው!"

"እና እነሱ ደም የላቸውም?" አለችኝ።

ልቀፋት ወይ ልጩህባት ግራ ገባኝ፤ ጮህኩባት። ከዚያ ለሉባባ ደውዬ ስፒከር ላይ አደረግኳትና የሆነውን ነገርኳት። ማሽኑን መልሱ ትላለች ብዬ ስጠብቅ፣ ድምፅዋ ይበልጥ ለስለስ አለ።

"እትዬ የወይንሐረግ፣ ማሽኑ ሰውየውን አያውቀውም፤ እርስዎ ያውቁታል። ያ ቁጥር የመጣው ከምሳ በፊት ነው። ያኔ ማን ነበር የተለካው?"

እማዬ ጥቂት አሰበችና ፊቷ ተለወጠ። "ጋሽ ፀሐዩ! ራሴን ከበደኝ ብለው ምሳ ሳይቀምሱ ነው የወጡት።"

"ናይን ዋን ዋን ደውሉ፣ አምቡላንስ ጥሩ፤ እሳቸው ጋ ሂዱ" አለች ሉባባ። "ሰኞ ራሴ እመጣለሁ። ጎረቤቶችዎ ሁሉ በየስማቸው የሚለኩበትን መንገድ አብረን እናበጃለን።"

ጋሽ ፀሐዩ ጡረታ የወጡ የታክሲ ሹፌር ናቸው። እማዬ ባለችበት ፎቅ፣ ኮሪደሩ መጨረሻ ብቻቸውን ይኖራሉ፤ ሐኪም ቤት ሲባል ደግሞ አይወዱም። እኔ አምቡላንስ እየጠራሁ እማዬ በራቸውን አንኳኳች፤ ግድግዳ ተደግፈው ከፈቱልን።

"ማሽን ነው እኔን የሚያዘኝ?" አሉ፣ ቁጥሩን ነግረን ሆስፒታል ይሂዱ ስንላቸው።

"ማሽኑ አይደለም" አለች እማዬ። "እኔ ነኝ። ጫማዎን ያድርጉ።"

አደረጉ። አምቡላንሱ ሲመጣ እማዬ እጃቸውን ይዛ አብራ ገባች፤ እኔ በመኪና ተከተልኩ።

ሆስፒታል ስንጠብቅ ቆይተን ዶክተሯ ወጣች። ግፊታቸው እየወረደ ነው፤ ትንሽ ቢዘገዩ ኖሮ ግን ጭንቅላታቸው ውስጥ ደም ይፈስ ነበር አለችን። ከዚያ ወረቀቷን አየት አድርጋ፣ "የትኛው ሐኪም ነው የላካቸው?" ብላ ጠየቀችኝ።

እማዬ ወንበሩ ላይ ቁጭ ብላ ነጠላዋን ታስተካክላለች። ኩራቴን የማደርግበት አጣሁ።

"እናቴ ናት የላከቻቸው" አልኩ፣ ኮሪደሩ ሙሉ ሰው ዞሮ እስኪያየን ድረስ።