ብርድ የለመዱት እንግዶች

ጉንፋን ሰው አይመርጥም የሚለውን ወሬ እናናየሁ ፊት አታንሡ። እሷን መርጧታል። አንኮበር ላይ ጉሙ ከገደሉ ሥር ተነሥቶ ገና ደጃፏ ሲደርስ፣ ከመንደሩ ሁሉ ቀድማ የምታስነጥሰው እሷ ናት። ጎረቤቶቿም «እናናየሁ አስነጠሰች፤ ጋቢ አውጡ» ይባባላሉ። እሷም አብራቸው ትሥቅ ነበር፤ እስከ ዘንድሮ ድረስ።

ዘንድሮ ልጇ አርሴማ ደብረ ብርሃን ላይ ወንድ ልጅ ተገላገለች። ልጁ ቀኑ ሳይደርስ የመጣ ነው። ሆስፒታል በሙቀት መስጫ ሣጥን ውስጥ ሰንብቶ ወደ ቤት ሲላክ፣ ሐኪሙ አንድ ነገር አጥብቆ ተናገረ፤ ሳንባው ገና ነውና የሚያስልና የሚያስነጥስ ሰው አጠገቡ እንዳይደርስ። አርሴማ ይህን ለእናቷ በስልክ ስትነግር ድምፅዋ ይንቀጠቀጥ ነበር።

«እማዬ፣ ነይልኝ። ግን አደራ፣ ጉንፋን ይዘሽ እንዳትመጪ።»

እናናየሁ ስልኩን ዘጋች። የመጀመሪያ የልጅ ልጇን ማቀፍ አለማቀፏ በገዛ አፍንጫዋ ላይ ተንጠለጠለ። ከዚህ በላይ ምን ውርደት አለ?

ታሞ ከመማቀቅ አስቀድሞ መጠንቀቅ ነው ብላ በሚኒባስ ወደ ደብረ ብርሃን ወጣች። ጤነኛ መሆኗ እስኪረጋገጥ ያረፈችው ከአርሴማ ቤት ፈንጠር ብሎ በሚገኘው በአክስቷ ልጅ በደብሪቱ ቤት ነው። በማግሥቱ መድኃኒት ቤት ገብታ ሜሮን የምትባለውን ወጣት ባለሙያ ጠየቀቻት።

«ልጄ፣ ጉንፋን የሚያስቀር ነገር ስጪኝ።»

«የሚያስቀር እንኳ የለም እማማ። ምናልባት የሚያግዝ ይኖራል» አለች ሜሮን፤ ፕሮባዮቲክ የሚባለውን እንክብል እያሳየቻት። «ውስጡ ያሉት በሕይወት ያሉ ደቃቅ ተሕዋስያን ናቸው፤ እርጎን እርጎ የሚያደርጉት ዓይነት። ሆድ ውስጥ ይሰነብታሉ። ለአንዳንድ ሰው ጉንፋን ይቀንሳሉ የሚል ጥናት አለ፤ እኔ ግን አልምልልዎትም።»

«በሕይወት አሉ ነው የምትዪኝ?»

«አሉ።»

እናናየሁ እጇን ከካርቶኑ ላይ ቶሎ አነሣች፤ እንዳትጫናቸው።

መምረጡ ቀላል አልነበረም። አንደኛው ካርቶን ብዙ ቢሊዮን ይላል፤ ሜሮን ግን ቁጥር ስለበዛ ብቻ ይሻላል ማለት አይደለም አለቻት። ሁለተኛው ጊዜው ሊያልፍ ተቃርቧል። ሦስተኛውን ከፍሪጅ አወጣችው። «ይኼኛው ሙቀት አይወድም። ቀዝቃዛ ቦታ ካላስቀመጡት ይሞታል።»

«ብርድ የለመዱ ናቸው በይኛ!» አለች እናናየሁ፤ ፊቷ በራ። «እንግዲያው የአገሬ ሰዎች ናቸው። እነሱን ስጪኝ።»

ሜሮን ሣቀች፤ ምርጫው ግን አልከፋትም። «እጅዎን በሳሙና ይታጠቡ፤ ከሚያስል ሰውም ይራቁ። እነሱ ብቻቸውን አይችሉትም» ብላ ሸኘቻት።

ደብሪቱ ጉድ አለች። «ሰው ተሕዋስ ይገድላል እንጂ ገዝቶ ይውጣል?» እናናየሁ ካርቶኑን ፍሪጁ ውስጥ ከቲማቲሙ አጠገብ አስቀመጠችው።

ከዚያ ወዲያ ቀኖቹ እርስ በርሳቸው ተቀላቀሉባት። ጠዋት ጠዋት አንድ ፍሬ ትውጥና በውርጭ የነጣው ሜዳ ላይ ፀሐይ እስክትወጣ ግድግዳ ተደግፋ ትቀመጣለች። ዓይኗን ጨፈን ስታደርግ ታያቸዋለች። ጋቢያቸውን ተከናንበው፣ በጉም ውስጥ ቀስ እያሉ የሚወርዱ ትናንሽ ሰዎች ናቸው። ሆዷ ውስጥ ጎጆ ይቀልሳሉ፣ ማሳ ያርሳሉ፣ ከጎጆ ጎጆ ይጠራራሉ። እንዳይርባቸው ብላ የገብስ በሶ ትበላለች። «እንደምን አደራችሁ» ትላቸዋለች በለሆሳስ። ከአርሴማ ወዲህ ያ ሆድ ባዶ ቤት ነበር፤ አሁን ሰው ገባበት። ይህን ለማንም አልተነፈሰችም፤ ግን ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል ነውና፣ ደብሪቱ ጠላ ያቀረበች ዕለት አመለጣት።

«ደብሪቱ፣ እርጉዝ የሆንኩ ይመስለኛል።»

ደብሪቱን ጠላው ትን አላት።

ኅዳር ገባ፤ ውርጩም ጠና። ሰፈሩ ሁሉ ማሳል ጀመረ። የእናናየሁ አፍንጫ ግን፣ ጉድ በሉ፣ ደርቆ ይውላል። በመጨረሻ አርሴማ ደውላ «በቃ፣ የሚካኤል ዕለት ነይ» አለቻት።

ኅዳር ሚካኤል ኅዳር የሚታጠንበት ቀን ነው። ከመቶ ዓመት በፊት የኅዳር በሽታ ሰውን እንደ ቅጠል ያረገፈበትን ጊዜ እያሰበ፣ አገሩ ሁሉ ጥራጊውን ከደጅ አውጥቶ ያቃጥላል፤ በሽታው ከጭሱ ጋር እንዲሄድ። እናናየሁ ነጭ ለብሳ ስትወጣ በየበሩ ክምሩ ይነድ ነበር። ቤቶቹ ጭሱ ውስጥ ብቅ ይሉና ይጠፋሉ፤ ሰዎቹም እንደዚያው። መሬት ሳትረግጥ የምትሄድ መሰላት። ልጁን ታቅፋ ሽታውን ስትስብ እየታያት፣ ፈገግ እንዳለች የአርሴማ ደጅ ደረሰች። እዚያ ጉሮሮዋ ተያዘ። ሳለች፤ ደገመች፤ ማቆም አቃታት።

በሩ ገርበብ ብሎ የአርሴማ ፊት ታየ። «እማዬ፣ አመመሽ?»

«ጭሱ ነው ልጄ።»

«ሁሌም እንደዚህ ነው የምትዪው! አቧራው ነው፣ ብርዱ ነው…» ድምፅዋ ተሰበረ። «በምን ልወቅ? ንገሪኝ፤ በምን ልወቅ?»

እናናየሁ ልትምልላት አፏን ስትከፍት ሌላ ሳል ቀደማት። በሩ ተዘጋ።

ከጥቂት ጊዜ በኋላ የመስኮቱ መጋረጃ ተገለጠ። አርሴማ እያለቀሰች ልጁን ከፍ አድርጋ አሳየቻት። ከብርድ ልብሱ መሐል የሚታየው ግንባሩ ብቻ ነበር። እናናየሁ መዳፏን መስተዋቱ ላይ አሳረፈች፤ በረዶ ነበር። ልጇን እንደዚያ ቀን ተቀይማት አታውቅም። ከደብሪቱ ቤት ስትደርስ ካርቶኑን አውጥታ ደጅ የሚነደው እሳት ውስጥ ልትጨምረው ነበር፤ እንግዶቼ ምን አጠፉ ብላ ከቲማቲሙ አጠገብ መለሰችው።

ከጥቂት ቀናት በኋላ፣ ጭሱ ጠፍቶ ሰማዩ በጠራበት ማለዳ የአርሴማ ባል አማኑኤል ከሚሠራበት የብርድ ልብስ ፋብሪካ አስፈቅዶ እየሮጠ መጣ።

«እማማ፣ ይድረሱልን! አርሴማን ጉንፋን ያዛት፤ የሆነ ጠያቂ ነው ያመጣባት። ሐኪሙ ማስክ አድርጋ ጡት ትስጠው፣ ከዚያ ውጪ ግን ጤነኛ ሰው ይያዘው አለ። እርስዎ ደኅና ነዎት?»

እናናየሁ ረጅም ትንፋሽ ሳበች። ሳል የለም፤ ከሚካኤል ማታ ጀምሮ አልነበረም። እንግዶቹ ጠብቀዋት ይሁን፣ ሳሙናው ይሁን፣ ዕድሏ ይሁን፣ እኔ አልፈርድም። እሷ ግን ሆዷን መታ መታ አድርጋ «ተባረኩ» አለች።

አርሴማ ቤት ደርሳ ልጁን ሲሰጧት ክንዷ ላይ መኖሩ አልታወቃትም፤ እንደዚያ ቀላል ነበር። ጣቷን ፈልጎ ያዘ። ዕንባዋ እንዳይነካው ፊቷን ዘወር አደረገች።

ረፋዱ ላይ አርሴማ ፀሐይ ልትሞቅ ግቢ ወጣች። ማስኳን አድርጋ ጋቢ እንደተከናነበች መጥታ በዚያው መስኮት ፊት ቆመች። እናናየሁ ልጁን ከፍ አድርጋ አሳየቻት። አርሴማ መዳፏን መስተዋቱ ላይ ለጥፋ ብዙ አየችው፤ ከዚያ ሳለች። በሰፈሩ አንድም የሚነድ እሳት አልነበረም።

«ጭሱ ነው እማዬ» አለች ከመስተዋቱ ማዶ። «ክፈቺልኝ። የጡት ሰዓቱ ባይደርስም አንዴ ልቀፈው፤ አንዴ ብቻ።»

እናናየሁ እጇን ወደ መስኮቱ መቀርቀሪያ ሰድዳ መለሰችው። ልጅን እንቢ ማለት እንደዚህ ይከብድ ኖሯል። የሚካኤል ዕለት በሩ ሲዘጋ ከውስጥና ከውጭ ከቆሙት ማን ይበልጥ ተጎድቶ እንደነበር ያን ጊዜ ገባት፤ ቅያሜዋም ያን ጊዜ ለቀቃት።

«አይሆንም የኔ ልጅ» አለች፤ መዳፏንም በልጇ መዳፍ ትክክል መስተዋቱ ላይ አሳረፈች። ልጁ ተኝቶ ነበር።