የሙንተሲር መድፉ ምስክር

ይህ ታሪክ አንዲት ቃል አልተጨመረበትም። ወላሂ አልተጨመረበትም! እንዲያውም ሰው እንዳይደነግጥ ተብሎ ብዙ ነገር ተቀንሶለታል። የሚጠራጠር ካለ ሐይቅ ከተማ ወርዶ የፈለገውን መንገደኛ አቁሞ ይጠይቅ፤ ጡት ያልጣለ ሕፃን ሳይቀር ቀኑን፣ ሰዓቱንና የነፋሱን አቅጣጫ ይነግረዋል።

ነገሩ የሆነው በ1985 ዓ.ም. ሰኔ ላይ ነው። የሐይቅ ወጣቶች ከውጫሌ ወጣቶች ጋር ለዋንጫ ተገናኙ። ተመልካቹ ሰባት ሺህ ነበር። ያኔ የከተማው ሕዝብ ራሱ ሰባት ሺህ ይሞላ ነበር ወይ የሚል አጉል መርማሪ አይጠፋም፤ ከደሴም ከወልዲያም መጥቷል። ለግቡ መረብ ስላልነበረ ዓሣ አጥማጆች የራሳቸውን አውሰው ወጠሩት። አንድ ለአንድ ሆነው ግማሽ ደቂቃ ሲቀር፣ የአሥራ ስምንት ዓመቱ ሙንተሲር ኳሷን እዚያው የራሱ ግብ ደጃፍ ላይ አገኛት። ቀና ብሎ አየ። መታት።

ኳሷ ለመውረድ ጊዜ ወሰደባት። የአስር ሶላት ሊሰግዱ የሄዱ ሰዎች ሰግደው ሲመለሱ ገና አየር ላይ ነበረች የሚሉ አሉ። ይህ እንኳ ግነት ነው፤ የሶላቱ ግማሽ፣ ሁለት ረከዓ ቢሞላ ነው። ስትወርድ ግን ዝናው የሚባለውን የውጫሌ በረኛ ከነጓንቱ ግቡ ውስጥ አስቀምጣው፣ ስንት ክረምት ዓሣ የያዘውን መረብ ቀድዳ፣ ቁልቁል ተንከባልላ ሐይቁ ውስጥ ገባች። ባለመረቡ አለቀሰ። ከዚያ ቀን ጀምሮ መቺው ልጅ “ሙንተሲር መድፉ” ሆነ።

ዛሬ መድፉ ሃምሳ ዓመቱ ነው። የባጃጅ መለዋወጫ ይሸጣል፤ ከሱቁ በር በላይ “መድፉ” ተብሎ በቀይ ቀለም ተጽፏል። ዕቃ ሊገዛ የገባ ሰው ጎሉን ሳይሰማ አይወጣም። ምቀኞች “ኳሷ በየዓመቱ ወደ ኋላ እየሸሸች ነው፣ ድሮ ከውጫሌ ግብ አጠገብ፣ ከአሥራ ስድስት ሃምሳው ላይ ነበር የሚመታት” ይላሉ። ምቀኛ ምን አይል!

ዘንድሮ ታዲያ ከሐይቅና ከአምባሰል የተውጣጡ ሰዎች ተሰብስበው፣ የአካባቢው የስፖርት ባለውለታዎች ስም የሚሰፍርበት የክብር መዝገብ ከፈቱ። ለመጀመሪያው ገጽ ከታጩት ሦስት ሰዎች ሁለቱ አላከራከሩም። ሯጯ አሰገደች ሜዳሊያዋን በከረጢት ይዛ መጣች፤ የመረብ ኳስ አሠልጣኙ ሐጂ ሙአዊያ ፎቶግራፍ አቀረቡ። ሦስተኛው ሙንተሲር ባዶ እጁን ቀረበ።

“ማስረጃህ?” አለው የኮሚቴው ሰብሳቢ ሙነወር።

“ሰባት ሺህ ሰው!”

“ሰባት ሺሁም የሐይቅ ሰው ነው። ሽማግሌ ፊት ስትቀርብ የአጎትህን ልጅ ነው እንዴ ለምስክር የምታቆመው? የወገን ምስክር አይሰማም። ጎል የገባበት ወገን ይምጣና ‘አዎ፣ ገብቶብኛል’ ይበል፤ ያኔ ስምህን በገዛ እጄ እጽፈዋለሁ።”

“ካላለስ?”

“ካላለማ ከሱቅህ በር ላይ ያለውንም ብታስጠፋው ይሻላል።”

ሙንተሲር ሳቀ። ሳቁ ውጫሌ ድረስ ተሰምቷል። “ዝናው አለ አይደል! በረኛው!”

ቤቱ ሲገባ ባለቤቱ ዙለይሃ ነገሩን ሰማችና ራሷን ነቀነቀች።

“እስኪ መጀመሪያ ሰውየው ምን እንደሚያስታውስ ጠይቀው።”

“አንቺ ሴትዮ፣ ምስክርን አስቀድሞ መጠየቅ ማባበል ነው! እኔ ነኝ ምስክር የማባብል?”

“ማባበል አይደለም፣ መጠንቀቅ ነው። ሱረያ ከጅዳ ሆና በስልክ ልታይህ ነው። ለአሠሪዎቿ ሳይቀር ‘አባቴ መዝገብ ላይ ሊወጣ ነው’ ብላለች። ልጅህን አታሳፍራት።”

“አብሽሪ!” አላት።

በማግስቱ በሚኒባስ ውጫሌ ሄደ። ዝናው ገበያው ዳር ባለችው መደብሩ ምስር ሲያበጥር አገኘው። ሙንተሲርን በአምስት ዓመት ይበልጠዋል፤ ከድሮውም ቃል የሚቆጥብ ሰው ነው።

“ጋሽ ዝናው፣ ለምስክርነት ልጠራህ መጣሁ።”

“የምን?”

“የዚያ ቀን። የሰማንያ አምስቱ ዋንጫ። ዝርዝሩን አላነሣብህም፤ ምስክር አስቀድሞ አይጠየቅም።”

ዝናው ሰፌዱን አስቀመጠ። ፈገግ አለ። “ያን ቀንማ እንዴት ይረሳል።”

የሙንተሲር ልብ ከአምባሰል ተራራ በላይ ወጣ። “ትመጣለህ?”

“እመጣለሁ። ያየሁትን እናገራለሁ።”

“እኔስ የምፈልገው እሱን አይደል!”

ሲመለስ ጎሉን ለሚኒባሱ ሁሉ ተረከ። ሐይቅ ሲደርሱ ተሳፋሪው ግማሹ “እኔም አይቻለሁ” ይል ጀመር፤ ከነዚህ ውስጥ አንዱ ሃያ ዓመት አልሞላውም።

ክብረ በዓሉ እሑድ ረፋዱ ላይ ሆነ። አዳራሹ ሁለት ሺህ ሰው ይዟል፤ ወንበሩ ብቻ ነው መቶ ሃምሳ። አሰገደች ተጠራች፤ ሁለት ቃል አመስግና ስሟ ተጽፎ ተቀመጠች። ሐጂ ሙአዊያ ዱዓ አድርገው ተቀመጡ። ከዚያ መድፉ ሱረያ የላከችለትን ኮት ለብሶ መድረክ ላይ ወጣ። ዙለይሃ ስልኩን ከፍ አድርጋ ያዘች፤ ሱረያ ከነጓደኞቿ የስልኩን መስኮት ሞልታዋለች።

ሙንተሲር ሩብ ሰዓት ተናገረ። ነፋሱን ተናገረ፣ ዝምታውን ተናገረ።

“ከየት ነበር የመታኋት?”

“ከራስህ ግብ!” አለ አዳራሹ።

“መረቡስ?”

“የአባቴ ነበር!” ብሎ አንድ ጎልማሳ ከኋላ ተነሣ። ጭብጨባው ጣራውን አነሣው።

ዝናው ከፊት ወንበር አንገቱን ደፍቶ ያዳምጣል። ሙነወር መዝገቡን ገለጠ፤ የብዕሩን ክዳን ነቀለ።

“ጋሽ ዝናው፣ የዚያ ወገን ሰው አንተ ነህ። እንደ እምነትህ ተናገር።”

ዝናው ባርኔጣውን አውልቆ ተነሣ። ማይኩን ሲሰጡት አልፈለገም፤ ሁለት ሺሁም ሰው ለመስማት ትንፋሹን ዋጠ።

“ያን ቀን መኪናችን መንገድ ላይ ተበላሸብን” አለ። “ሐይቅ የገባነው መግሪብ አልፎ ከመሸ በኋላ ነው። ሜዳው ላይ አንድ ሰው አልቀረም፤ ይኸ ሙንተሲር ብቻ ቆሞ ይጠብቀን ነበር። አሥራ አራት ነበርን፤ ሁላችንንም እናቱ ቤት ወስዶ አብልቶ አሳደረን። እኔ ‘ለምስክርነት’ ሲለኝ፣ እሱን ልትጽፉለት መስሎኝ ነው የመጣሁት።”

ሙነወር ብዕሩን እንደያዘ፣ “ጎሉስ?” አለው።

ዝናው ወደ ሙንተሲር ዞረ። ድምፁን የበለጠ ዝቅ አደረገው።

“ዳኛው በማግስቱም አልመጣም። ሳንጫወት ነው የተመለስነው።”