የምትዘገየዋ ልብ

ሐዳሳ ማርገዟን መጀመሪያ የነገራት አፍንጫዋ ነው። የምትሠራው ሀዋሳ መሃል ከተማ፣ ፎቅ ላይ ባለ አንድ የሴቶች ጸጉር ቤት ነው። ለዓመታት የለመደችው የጸጉር ማለስለሻ ሽታ አንድ ጠዋት ጉሮሮዋን አንቆ ያዛትና የደንበኛዋን ጸጉር ግማሹን ቀብታ ወደ መጸዳጃ ቤት ሮጠች። ከዚያ ወዲያ ጡቷ አላስነካ አለ። ከሰዓት በኋላ የደንበኛ ጸጉር በፔስትራ እየተኮሰች ቆማ እንቅልፍ ይጥላት ጀመር።

ባሏ ፊልሞን የዩኒቨርሲቲው ሠራተኞች ሰርቪስ ሾፌር ነው። ብዙ የጠበቁት እርግዝና ስለነበር አልትራሳውንድ ክፍሉ ውስጥ መቀመጥ አቅቶት ግድግዳውን ተደግፎ ቆመ። ዶክተር ሮማን መሣሪያውን ሆዷ ላይ እያንሸራተቱ ቆዩና ስክሪኑን ወደ እነሱ አዞሩት።

“ይሄውላችሁ፣ ይቺ ብልጭ ብልጭ የምትለው ልቡ ናት” አሉ። ጣታቸውን ወደ ጎን ወሰዱ። “ይቺ ደግሞ የሌላኛው።”

“የምን ሌላኛው?” አለ ፊልሞን።

“መንታ ነው።”

ሐዳሳ ግራጫው ምስል ላይ ሁለት ጥቁር ክፍተቶች አየች። በየውስጣቸው አንዲት ነጭ ነጥብ ትርገበገባለች። ግን እኩል አልነበሩም፤ አንደኛዋ ትፈጥናለች፣ ሌላኛዋ ዘግየት ትላለች። የሐዳሳ ዓይን በምትዘገየዋ ላይ ቀረ።

ፊልሞን ከክሊኒኩ በር ሳይርቁ ከከተማው ዳር ቱላ ላሉት እናቱ ደወለ። ሐዳሳ ደግሞ ብቻዋን ስትሆን ሆዷን “እናንተ” እያለች ማናገር ለመደች። “ዛሬ ደግሞ ምን አስጠላችሁ?” ትላለች ምግቡን እየገፋች። ማቅለሽለሹ ሲብስባት እንኳ ደስ ይላት ነበር።

ከሳምንታት በኋላ የውስጥ ልብሷ ላይ ጥቂት ደም አየች። ፊልሞን ሰርቪሱን ለሌላ ሾፌር ሰጥቶ መጣ። በዚህኛው ቀን ዶክተር ሮማን ስክሪኑን ቶሎ አላዞሩትም።

“የአንደኛዋ ልብ ቆማለች” አሉ በመጨረሻ፣ በቀስታ። “አንቺ ያጠፋሽው ነገር የለም። መንታ ሲሆን በመጀመሪያዎቹ ወራት የሚያጋጥም ነው። ይቺኛዋ ደህና ናት። እዪ፣ እጅ አውጥታለች።”

ሐዳሳ የሕፃኗን እጅ አላየችም። “የሞተችው መቼ ነው የምትወጣው?”

“አትወጣም። ሰውነትሽ ቀስ በቀስ መልሶ ይወስዳታል። ትንሽ ቆይቶ እኛም ብንፈልጋት አናገኛትም።”

“የት ትሄዳለች?”

ዶክተሯ ስክሪኑን አጠፉት። “የትም” አሉ። “አንቺው ውስጥ ናት።”

ወደ ቤት ሲመለሱ ፊልሞን “አንዷ ተርፋልናለች፤ ጌታ ይመስገን” አለ። ከዚያ በኋላ ነገሩን ድጋሚ አላነሳውም። የቤተ ክርስቲያን እህቶችም ያንኑ ብለው ጸለዩላት። ማንም አላለቀሰም። የሚቀበር ነገር አልነበረማ።

ሐዳሳ ግን መኝታዋ ላይ በየትኛው ጎን እንደምትተኛ ግራ ገባት፤ የሞተችውን የምትጫናት ይመስላታል። ስትበላ፣ ጉርሻው ለየትኛዋ እንደሚደርስ ታስባለች። ዶክተሯ “መልሶ ይወስዳታል” ያሉት ቃል ከምግቡ ጋር ይመጣባታል።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ የጸጉር ማድረቂያውን ስታጠፋው ከጸጥታው ውስጥ ትርታ ሰማች። ቀስ ያለ ነው፤ የሚደክም ዓይነት። ግድግዳው ሙሉ መስታወት ነውና በየመስታወቱ ውስጥ ጆሮዋን የሰጠች ሐዳሳ ቆማለች።

“ሀያት፣ ይሰማሻል?” አለች አብራት የምትሠራውን ልጅ።

“ምኑ?”

“ይሄ… የሚመታው።”

ሀያት አዳመጠች። “ምንም የለም እኮ። ሐዳሳ፣ ቁጭ በይ፤ ፊትሽ ገርጥቷል።”

ለዶክተር ሮማን ነገረቻቸው። “በእርግዝና ደምሽ ይጨምራል፣ ልብሽም ጠንክሮ ይሠራል” አሏት። “ጆሮሽ ውስጥ የምትሰሚው የራስሽን ነው።” ሐዳሳ እሺ ብላ ጭንቅላቷን ነቀነቀች። የራሷ ልብ ግን በዚያ ሰዓት እየተጣደፈ ነበር፤ የምትሰማው ደግሞ ቀርፋፋ ነው።

አንድ ቅዳሜ የፊልሞን እናት፣ እማማ ማርታ፣ ከቱላ መጡ። ወትሮ ወተትና ቆጮ ሳይዙ አይመጡም ነበር። በዚያን ቀን ባዶ እጃቸውን፣ ጥቁር ሻሽ አስረው ገቡና ሶፋውን ትተው ወለሉ ላይ ተቀመጡ።

“እማዬ፣ ምን ሆነሻል? ማን ሞተ?” አለ ፊልሞን ደንግጦ።

“ለቅሶ ልደርስ ነው የመጣሁት። ለሚስትህ ማንም ለቅሶ አልደረሳትም።”

“አንዷ ደህና ናት እኮ!”

“ለደህናይቱ ሌላ ቀን እመጣለሁ።”

ሐዳሳ አጠገባቸው ወለሉ ላይ ተቀመጠችና ጭንቅላቷን ጭናቸው ላይ ጣለች። “እማማ፣ እኔ እኮ እየበላኋት ነው” አለች፣ ለማንም ያልተናገረችውን።

አሮጊቷ አልተቆጧትም፣ “ተይ” አላሉም። “የምታቅፊበት ስላጣሽ ነው ውስጥሽ ያስቀረሻት” አሉ። ከዚያም በሲዳምኛ፣ ሐዳሳ ግማሹን ብቻ በምትረዳው ቋንቋ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ለሞተችው አለቀሱላት።

ፊልሞን ወደ ግቢው ወጥቶ ነበር። ሲመለስ ዓይኑ ቀልቷል። በሩ ላይ ቆሞ “ስትዘገይ አይቻት ነበር” አለ። “በመጀመሪያው ቀን። ዶክተሯን መጠየቅ ፈራሁ።”

ሐዳሳ እጇን ዘረጋችለት፤ መጥቶ አጠገባቸው ተቀመጠ።

ማቅለሽለሹ ቀስ በቀስ ተዋት፤ ሆዷ ከቀሚሷ አልፎ መታየት ጀመረ። በሌላ ምርመራ ዶክተር ሮማን ፈለጉ፤ ሁለተኛው ክፍተት የለም። ትርታው ግን አንዳንዴ፣ ጸጉር ቤቱ ጸጥ ሲል፣ ይመጣል። ለሀያትም ለማንም መንገር ተወች። ሲመጣ ሥራዋን አቁማ እስኪያልፍ ትጠብቃለች።

ልጅቷ በክረምቱ መጨረሻ ተወለደች፤ ጤነኛ፣ ጸጉራም፣ ጯሂ። አዋላጇ የእንግዴ ልጁን አገላብጣ ስታይ ሐዳሳ ከትራሷ ቀና አለች።

“ሌላ የሚታይ ነገር አለ?”

“ምን ዓይነት?”

“እንዲሁ ነው።”

“የለም። ሁሉም ሙሉ ነው፣ ንጹሕ” አለች አዋላጇ፣ ሕፃኗን ደረቷ ላይ እያስተኛችላት።

ሐዳሳ አዋላጇ እንግዴ ልጁን ይዛ የወጣችበትን ሳህን በዓይኗ እስከ በሩ ሸኘችው። ሕፃኗ አፏን ከፍታ ወዲያና ወዲህ ስትፈልግ ሐዳሳ ነቃ አለችና ጡቷን አጎረሰቻት።