ግማሽ ጭንቅላት ትቶ የጠፋው ወርቄ

ፀጉር አስተካካዩ ወርቄ «መጣሁ» ብሎ ወጣ፤ በዚያው ቀረ። ወንበሩ ላይ አንድ ሹፌር ትቶ ነው የሄደው። የሹፌሩ ቀኝ ጎን ተላጭቷል፤ ግራው ጎፈሬ ነው። ቶንዶሱን እንኳ አላጠፋውም፤ መደርደሪያው ላይ ብቻውን ያጓራል።

ሌላው ፀጉር አስተካካይ ሄዶ አጠፋው። እሱም ስም አለው፤ ግን ደንበኛው ሁሉ «ሁለተኛ» ነው የሚለው። ስንት ዓመት ከወርቄ ጎን ቆሞ ባዶ ወንበር ሲወለውል ኖሯል። ሰዉ አግዳሚው ላይ እያዛጋ ወርቄን ይጠብቃል እንጂ እሱ ጋ አይቀመጥም፤ ኮቱን ግን አውልቆ እሱ ወንበር ላይ ይሰቅላል። ይህ ሁሉ አንጀቱ ውስጥ ተቀምጧል።

«ልጨርስልህ?» አለው ሹፌሩን።

«ወርቄ የጀመረው ጭንቅላት በሌላ አይነካም፤ ደንቡ እንደዚያ አይደል እንዴ?»

ደንቡን ያወጣው ራሱ ወርቄ ነበር።

አግዳሚው ላይ የተቀመጡት ጡረተኛ የፍርድ ቤት ጸሐፊ መነጽራቸውን ጠርገው ምርመራ ከፈቱ።

«በሩ አንድ ነው። ሲወጣ አይተነዋል። ስለዚህ ያለው ውጭ ነው። እስከዚህ ክርክር አለ?»

«የለም ጋሼ» አለ አጠገባቸው ተራ የሚጠብቀው ዳቦ ጋጋሪ።

«ውጭ ደግሞ ሰፊ ነው።»

ነገሩ ከበዳቸው።

«እኔን ከጠየቃችሁኝ» አለ ዳቦ ጋጋሪው፣ «የሰው ፀጉር ሰልችቶት የራሱን ሙልጭ አድርጎ ላጭቶታል። አሁን በፊታችን ቢያልፍስ ማን ያውቀዋል?»

ወዲያው አንድ መላጣ በመስኮቱ አለፈ። ብድግ አሉ። ጸሐፊው በሩን ከፍተው «ወርቄ!» ብለው ተጣሩ። መላጣው ዞር ብሎ አያቸውና እርምጃውን አፈጠነ።

«አያችሁ? ሸሸ!» አለ ዳቦ ጋጋሪው።

«ይሄ አጭር ነው እኮ» አለ ሹፌሩ።

«ፀጉር ሲነሳ ቁመት አይቀንስም?»

ጸሐፊው ነጥቡን ተቀበሉት።

ሹፌሩ ግን ቸኩሏል። መንጃ ፈቃዱን ለማሳደስ ዛሬውኑ ፎቶ መነሳት አለበት፤ ቢሮው ሊዘጋ ነው።

«በጎን ቢያነሱኝስ?»

«በቀኝ ከሆነ እስረኛ፣ በግራ ከሆነ ወፈፌ ትመስላለህ» አሉት ጸሐፊው።

ሹፌሩ በረጅሙ ተነፈሰና ዞረ። «አንተስ፣ ሁለተኛ? አብረኸው ነው የምትውለው። የት ያለ ይመስልሃል?»

አስተያየቱን የጠየቀው ሰው ኖሮ አያውቅም። ሁለተኛ አሰበ። መንገዱ ማዕዘን ጋ ነው ቢል ይጠብቁታል፤ ታሟል ቢል ሊጠይቁት ይሄዳሉ። ከተማው ውስጥ የትም ቢያስቀምጠው ተመልሶ ይመጣበታል።

«መርከብ ላይ ነው» አለ።

«መርከብ!»

«ትልቅ መርከብ። ካፒቴኑ ፀጉሩን ካልተስተካከለ መሪ አይጨብጥም አሉ።» እያወራ ነገሩ ራሱንም አጓጓው።

«መቼ ነው የሚመለሰው?»

«የሚቆም ዓይነት መርከብ አይደለም። ዝም ብሎ ነው የሚዞረው።»

ጸሐፊው አገጫቸውን ሲያሹ ቆዩ። «እንግዲያው ከግዛታችን ወጥቷል» ብለው ፈረዱ። «ደንቡም አብሮት ተሳፍሯል። ጨርስለት!»

ሁለተኛ ቶንዶሱን አነሳ። ግራውን ከቀኙ ጋር ልክ አደረገው። ሹፌሩ መስተዋቱን አየና «ወርቄ የጨረሰው ነው የሚመስለው» ብሎ እየሮጠ ወጣ። ምስጋና ይሁን ስድብ ለሁለተኛ አልለየለትም።

ዳቦ ጋጋሪው ተነስቶ መጣና ሁለተኛ ሲወለውለው የኖረው ባዶ ወንበር ላይ ተቀመጠ።

«ጎን ጎኑን አሳጥርልኝ። ለመሆኑ፣ እዚያ መርከብ ላይ ዳቦ የሚጋግረው ማን ነው?»

ሁለተኛ ጨርቁን አንገቱ ላይ አሰረለት። «ቀና በል፣ እነግርሃለሁ» አለና ሳይቸኩል መቁረጥ ጀመረ።