ዘጠኝ የጎደለው መለኪያ

ማናለብሽ የሙቀት መለኪያውን መርፌ በሚንተከተከው ውሃ ውስጥ ነክራ ቁጥሩ እስኪቆም ጠበቀች። ዘጠና አንድ ላይ ቆመ። አወጣችው፣ በሽርጧ ጠረገችው፣ እንደገና ነከረችው። ያው ዘጠና አንድ። ከመለኪያው ጋር የመጣችው ቁራጭ ወረቀት ላይ ግን የሚፈላ ድስት ተስሎ ከጎኑ «100» ተብሎ ተጽፏል።

«ጠርጥሬ ነበር» አለች ለራሷ። «ያልጠረጠረ ተመነጠረ።»

መለኪያው የስሜነሽ ነው። ስሜነሽ ከጫግኒ የመጣች፣ የሆቴል ሙያ ተምራ የተመረቀች ልጅ ናት፤ እዚህ እንጅባራ ሆቴሉ ወጥ ቤት ከገባች ገና ሦስት ሳምንቷ ነው። ማናለብሽ ደግሞ ወጥ ቤቱን አሥራ ስምንት ዓመት ስትመራ ሥጋ መብሰሉን የምታውቀው በጣቷ ተጭና፣ በቢላዋ ወግታ ነው። ሥጋ በጥሬው በሚበላበት አገር ደግሞ የምን ዲግሪ ነው? የዛሬዎቹ እንግዶች ግን ሌላ ናቸው። ከአዲስ አበባ የመጡ ሃያ ሁለት ሰዎች ለምሳ የበሬ ሮስቶ አዘዋል። ከመካከላቸው ሃና የምትባለው ነፍሰ ጡር ስለሆነች ባሏ፣ «የሥጋው ውስጡ ሰባ አንድ ዲግሪ መድረሱን በዓይኔ ሳላይ አትቀምስም» ብሏል። የሆቴሉ ባለቤት አቶ ባንተአምላክም ጠዋት ብቅ ብለው፣ «ከዛሬው ምሳ በኋላ ወጥ ቤቱን ማን እንደሚመራ እናያለን» አሉ። ይህን ሲሉ ስሜነሽን ማየታቸው ከማናለብሽ አላመለጠም።

አሁን ነገሩ ፍንትው ብሎ ታያት። ልጅቷ «እትዬ፣ በእኔ መለኪያ ይሥሩበት» ብላ በፈገግታ የሰጠቻት ለካ ለዚህ ኖሯል! ሥጋውን አሳርራ፣ ወይ ጥሬውን አቅርባ በእንግዳ ፊት እንድትዋረድ። ያንን ፈገግታ ድሮም አልወደደችውም።

አቶ ባንተአምላክን አስጠርታ ድስቱን አሳየቻቸው። ስሜነሽም ሽንኩርት መክተፏን ትታ መጣች።

«ዘጠኝ ይጎድለዋል» አለች ማናለብሽ። «እያወቀች ነው የሰጠችኝ።»

«እኔ ምን አድርጌ እትዬ? ጫግኒ ሳለሁ ሞክሬው ዘጠና አምስት ነበር ያለኝ። ሥጋው ግን ሁልጊዜ ልክ ነው የሚመጣው።»

«ሰሙ ጋሽ ባንተአምላክ? መቶ እንደማይል ታውቅ ነበር። አሁን ጭራሽ ብሶበታል።»

አቶ ባንተአምላክ ነገር የማጣራት ትዕግሥት የላቸውም። ነፍሰ ጡሯ ብትታመም የሚመጣባቸው መዘዝ ብቻ ታያቸው።

«ልጄ፣ ዕቃሽን ሰብስቢ» አሉ። «የስምንት ሰዓቱ የጫግኒ መኪና ያደርስሻል። ማናለብሽ፣ ምሳውስ?»

«ዘጠኝ እየደመርኩ አነበዋለሁ። ስልሳ ሁለት ሲል ሰባ አንድ ደረሰ ማለት ነው።»

ስሜነሽ ሽርጧን አጥፋ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችና ወጣች። ማናለብሽ ይህንንም ጠረጠረች፤ ንጹሕ ሰው እንዴት ዝም ብሎ ይሄዳል?

ሮስቶው ኦቨን ከገባ በኋላ ያችን ወረቀት ልትጥል አነሣቻት። ከጀርባዋ ሌላ ሥዕል ነበር፦ በረዶ የሞላ ብርጭቆ፣ ከጎኑ «0»። ማናለብሽ መለኪያውን በሁለተኛ ውሸት ልትይዘው ከፍሪጅ በረዶ አወጣች፣ ውሃ ጨመረችበትና መርፌውን ነከረች። ከዜሮ በታች ዘጠኝ ይላል ብላ ስትጠብቅ ቁጥሩ ወርዶ ወርዶ ዜሮ ላይ ቀጥ አለ።

ታናሽ ወንድሟ ይኸነው ዳንግላ የፊዚክስ መምህር ነው። ደወለችለት።

«ውሃ በስንት ዲግሪ ነው የሚፈላው?»

«የት ያለ ውሃ?»

«ምን የት አለው? ውሃ ውሃ ነው።»

ይኸነው ሳቀ። «አይ እታለም! መቶው ባሕር ጠረፍ ላይ ነው። አገሩ ከፍ ባለ ቁጥር ውሃው መቶ ሳይደርስ ይፈላል። እናንተ እዚያ ደጋው ላይ ተሰቅላችሁ ዘጠና አንድ ቢሆን ነው። ጫግኒ ቆላ ስለሆነ ዘጠና አምስት ገደማ ይደርሳል። ምነው?»

«ምንም» ብላ ዘጋችው።

ልጅቷ እውነቷን ነበር። ይህን የሚያውቅ ግን ከማናለብሽ በቀር በሆቴሉ ማንም የለም። ሥጋውን ሰበብ ፈልጋ እስከ ሰባ አንድ ብታቆየው እንግዶቹ በደንብ ይበላሉ፣ ስሜነሽ ትሄዳለች፣ ወጥ ቤቱም የእሷ ሆኖ ይቀራል። ማን ይጠይቃታል? ሐሳቡ ደስ አላት፤ ደስ ስላላትም በራሷ አፈረች። ዕድሜዋን ሙሉ ሰው ስትጠረጥር ራሷን ጠርጥራ አታውቅም ነበር።

መርፌውን ሮስቶው መካከል ወግታ ስልሳ ሁለት ሲል አቶ ባንተአምላክ በሩ ላይ ብቅ አሉ፤ የሃና ባል ከኋላቸው ቆሟል።

«ደረሰ አይደል? ይውጣ?»

ማናለብሽ የኦቨኑን በር መልሳ ዘጋችው።

«አልደረሰም። መለኪያው ልክ ነው፤ የተሳሳትኩ እኔ ነኝ። እንግዶቹ ትንሽ ይታገሡን።»

አቶ ባንተአምላክ ጠጋ ብለው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ይህን ካልሽ ወጥ ቤቱን ለማን እንደምሰጥ ታውቂያለሽ?»

«አውቃለሁ።» መለኪያውን እጃቸው ላይ አስቀመጠችላቸው። «ሰባ አንድ ሲል ያውጡት።»

ሽርጧን ሳታወልቅ በጓሮ በር ወጥታ መንገዱ ዳር ቆሞ የነበረ ባጃጅ ውስጥ ገባች።

«መነኻሪያ አድርሰኝ» አለችው፤ «የጫግኒው መኪና ሳይወጣ።»