ማንም የማይረግጣት እንጨት

ዳኛዋ ትንሿን የእንጨት መኪና ገልብጣ ሆዷን ስታሳይ፣ ቀለም ቀቢው አባት ክው አለ።

የትምህርት ቤቱ የእንጨት መኪና ውድድር ሕግ ግልጽ ነው። እንጨቱ አይገዛም፤ ልጁ ራሱ ፈልጎ ራሱ ይሠራዋል። ከየት እንደመጣ እንዲታይም ሆዱ አይላግም፣ አይቀባም። ሌላው አባት ማታ ማታ ለልጁ ሲልግ ሰንብቶ ጠዋት "እኔ የለሁበትም" ሲል፣ እሱ ግን እውነትም እጁን አላስገባም። በዚህም ደረቱን ነፍቶ ነበር የመጣው።

አሁን የመኪናዋ ሆድ ላይ የቀለም ጠብታ አየ። አረንጓዴው የክሊኒኩ በር ነው። ቢጫው የባለሱቁ ግድግዳ፣ ሰማያዊው ደግሞ የገዛ መኝታ ቤቱ።

"ልጄ፣ ይቺን ከየት አመጣሻት?"

"ከመሰላሉ!" አለች ልጁ ኮራ ብላ። "ከኋላ ያለችዋ አግዳሚ ናት። የሚረገጡትን አልነካሁም እኮ! እሷን ማንም አይረግጣትም።"

ሁለቱን የኋላ እግሮች አንድ ላይ የያዘችው እሷው ናት። መሰላሉን ደግሞ ዛሬ ጠዋት የሚስቱ ወንድም ከትምህርት ቤቱ ማዶ ያለውን ፋርማሲ ኮርኒስ ልቀባበት ብሎ ወስዶታል። ሳያገላብጥ ለማንም የማይሰጠውን ዕቃ፣ ውድድሩ ረፍዶብኛል ብሎ ግድግዳ ላይ እንደተደገፈ "ውሰደው" ብሎት ነበር።

"የልጅቷ አባት፣ ተራዋ እኮ ደርሷል!" አለች ዳኛዋ። ማን ይስማት! ነፍሱን ሳያውቅ ወደ ፋርማሲው ሮጠ።

አማቹ የላይኛው መርገጫ ላይ ቆሞ እያፏጨ ይቀባል። የመሰላሉ የኋላ እግሮች እንደ አዲስ ጥጃ እግር ግራና ቀኝ ተንሸራተዋል። አባትየው ሊጮህ አፉን ከፈተና ዋጠው፤ ቢደነግጥ ይወድቃል። ከሥር ገብቶ ሁለቱን እግሮች በክንዱ አቀፈ።

"ቀስ ብለህ ውረድ።"

"ምነው፣ ልትሸከመኝ ነው የመጣኸው?" ሳቀ አማቹ።

"በእህትህ ይዤሃለሁ፣ ዝም ብለህ ውረድ!"

ወረደ። አባትየው ክንዱን ሲለቅ መሰላሉ ተበርግዶ ከነቀለም ባልዲው ወለሉ ላይ ተዘረጋ።

"ወይ ጉድ!" አለ አማቹ። "አሁን እኮ እዚያ ላይ ነበርኩ።" እዚያው ወለሉ ላይ ቁጭ አለ።

ልጅቷ ውድድሩን ትታ መኪናዋን እንደታቀፈች በሩ ላይ ቆማለች። የፈሰሰውን ቀለም አየች፤ አጎቷን አየች።

"እኔ ነኝ" አለች። "አጎቴ፣ እኔ ነኝ የቆረጥኩት።"

አባቷ እጁን አነሳ። መትቷት አያውቅም፤ አሁን ግን ድንጋጤው ሁሉ ክንዱ ላይ ወጥቶ ነበር። ልጅቷ ዓይኗን ጨፈነች።

"ተው እንጂ፣ ልጅ ናት!" አለ አማቹ።

የተነሳው እጅ ወደ አማቹ የመሣሪያ ቦርሳ ዞረ። መጋዙን አወጣና እጀታውን ወደ ልጁ አዙሮ ዘረጋላት።

"እንኪ" አለ። "ሌላ ሰው አንስቶ እንዳይወጣበት የቀረውንም መሰላል ቁረጪው። እኔ እይዝልሻለሁ።"