ያላሳየኋቸው እንጉዳዮች

በጊስሌን ቤት አንድ የማይሻር ሕግ ነበር፤ ከጫካ የመጣ እንጉዳይ ፋርማሲስቷ መርዝ አለመሆኑን ሳታይ ድስት አይገባም። ባሏ ኦበን አርባ ዓመት እንጉዳይ የለቀመ ሰው ነው፤ እሱም ቢሆን ቅዳሜ ቅዳሜ ቅርጫቱን ታቅፎ፣ የሳል መድኃኒት ከሚገዙት ጋር ተሰልፎ ይቆማል። እኔን ይሄ ያስቀኝ ነበር። እኛ ላኦስ እንጉዳይ የምታውቀው እናት ናት፤ ነጭ ጋውን የለበሰ ሰው ምን አግብቶት።

ያን ቅዳሜ፣ ጥቅምት ላይ፣ ይዘውኝ ጫካ ወጡ። ለትምህርት መጥቼ እነሱ ቤት ከገባሁ ሁለት ወር ሆኖኛል፤ ፈረንሳይኛዬ ገና ይንገዳገዳል። ያነሳሁትን ሁሉ ኦበን እየቀማ ይጥለዋል።

«ይሄ ደግሞ ለማን ነው? ለአማትሽ?» ይለኛል።

«አማት የለኝም።»

«በዚህ አያያዝሽ አታገኚም፣ ማኒቮን።»

ጊስሌን ትስቃለች። እኔም እስቃለሁ፤ ውስጤ ግን እርር ይላል። ኋላ ላይ ከአንድ ትልቅ ዛፍ ሥር ሦስት ነጫጭ፣ እንቁላል የመሰሉ እንጉዳዮች አየሁ። እናቴ ከሩዝ ጭድ ሥር እየለቀመች ሾርባ የምትሠራባቸው፣ ራሳቸው። ሆዴ ባባ። ኦበን እንዳይቀማኝ ጃኬቴ ኪስ ከተትኳቸው። ማታ ቅርጫቱ ፋርማሲ ሲታይ እነሱን ከኪሴ አላወጣኋቸውም።

ሰኞ ትምህርት የለኝም። ጊስሌንና ኦበን ሥራ ስለሚውሉ ምሳ የምበላው ከጊስሌን እናት፣ ከእማማ ኦዲል ጋር ነው። ሰማንያ ሁለት ዓመታቸው ነው፤ አንደበታቸው ግን የሃያ ዓመት ነው። ጠጅ ሣርና ቃሪያ ጨምሬ ሾርባውን ሠራሁላቸው።

«አፌን አቃጠልሽው» አሉና ሁለተኛ ሳህን አስቀዱኝ። «ልጄ የምታበላኝ የሆስፒታል ምግብ ነው። እንዳትነግሪያት ታዲያ።»

እኔ አንድ ሳህን በላሁ። ከመጣሁ ጀምሮ እንደዚያ ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም።

ስምንት ሰዓት ተኩል ሲሆን የደም ግፊት መድኃኒታቸውን እንዳመጣ ላኩኝ። ፋርማሲው ከአደባባዩ ማዶ ነው። ሦስት ሰው ከፊቴ ቆሟል። ግድግዳው ላይ የእንጉዳይ ሥዕሎች የተደረደሩበት ትልቅ ወረቀት ተለጥፏል፤ ልብ ብዬው አላውቅም ነበር። ታች ጥግ ላይ፣ በቀይ ተከቦ፣ የእኔ ነጭ እንቁላል ተቀምጧል። ከሥሩ ያለውን እየተንተባተብኩ አነበብኩት። ገዳይ ነው ይላል። ጉበት ያጠፋል፤ ሕመሙ የሚጀምረው ከተበላ ከስድስት ሰዓት በኋላ ነው፤ አንዳንዴም ሲነጋ ይላል።

ክው አልኩ። ተራዬ ደርሶ ፋርማሲስቷ ማዳም ክለርዤ «ዛሬ ቅርጫት የለም?» ብላ ሳቀችልኝ። አፌን ከፈትኩ። ከኋላዬ ሰው ይንጠራራል።

«የለም» አልኩ። መድኃኒቱን ተቀብዬ ወጣሁ።

ከዚህ በኋላ ስለ ራሴ የምናገረው አያኮራም። ወደ ቤት አልሄድኩም፤ ወደ ፋርማሲውም አልተመለስኩም። አደባባዩ መሃል ያለውን የውሃ ፏፏቴ መዞር ጀመርኩ። የእናቴ እንጉዳይ ነው፣ ምንም አይደለም፣ እላለሁ። የእናቴ ግን በጭድ ነው የሚበቅለው፤ ይሄ ዛፍ ሥር ነበር። ሆዴን ዳሰስኩት፤ ደህና ነው። ደህና ቢሆንስ፣ ገና ስድስት ሰዓት መች ሞላ! ብናገር ጊስሌን ሻንጣዬን በር ላይ ታወጣዋለች፣ ፖሊስ ይጠራል፣ ሰው ገዳይ ተብዬ ለእናቴ እላካለሁ። ባልናገርና ምንም ባይመጣስ? ደግሞ እዞራለሁ። ሞት ፈራሁ፣ ጊስሌንን ፈራሁ፤ እውነቱን ለመናገር የትኛውን አብልጬ እንደፈራሁ ዛሬም አላውቀውም። ስዞር የቤተ ክርስቲያኑ ደወል አሥር ሰዓት መሙላቱን አሰማ። አንድ ሰዓት ሙሉ ዞሬያለሁ። ያኔ ነው የሮጥኩት።

እማማ ኦዲል ሳሎን ተቀምጠዋል።

«እማማ፣ የበላነው እንጉዳይ መርዝ ነው» አልኳቸው። እንዲያው ዝርግፍ አለ።

«ለማዳም ክለርዤ አሳይተሻታል?»

«አላሳየሁም።»

«ስንት ነበር?»

«ሦስት። አብዛኛውን የበሉት እርስዎ ነዎት።»

«ስልኩን አቀብዪኝ።»

ሳቀብላቸው ከእጄ ወደቀ። እሳቸው ጎንበስ ብለው አነሡት። ወደ ድንገተኛ ሕክምና ደውለው አድራሻቸውን፣ ዕድሜያቸውን፣ የበላንበትን ሰዓት ተናገሩ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው «ስትከትፊ የጣልሽውን ከቆሻሻው ፈልጊ፤ ሐኪሞቹ ይፈልጉታል» አሉኝ። ቆሻሻውን በእጄ ስፈትሽ ነው ልቅሶው የመጣው።

ሆስፒታል ከሰል የተበጠበጠበት ጥቁር ውሃ አጠጡን፤ ግሉኮስ ሰኩልን። ትርፍራፊው ተመረመረና «ራሱ ነው» ተባለ። ጊስሌን የሥራ ልብሷን እንደለበሰች እየሮጠች ደረሰች። በጥፊ ትለኛለች ብዬ ጠበቅኩ። አንገቴን አቅፋ አለቀሰች።

«ወዲያው ባትናገሪ ኖሮ እናቴን ቀብሬያት ነበር» አለችኝ። «ሐኪሙ እያንዳንዱ ሰዓት ዋጋ አለው ብሎኛል።»

አላረምኳትም። ማታውን ሕመሙ ሁለታችንንም ያዘን። እኔ በሁለተኛው ቀን ቀለል አለኝ። የእማማ ኦዲል ዓይን ግን በሦስተኛው ቀን ቢጫ ሆነ፤ ሐኪሙም ለጊስሌን ኮሪደር ላይ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ማውራት ጀመረ። ግሉኮሴን እየጎተትኩ አልጋቸው ጠርዝ ላይ ተቀመጥኩ።

«እማማ፣ የዚያን ቀን አደባባዩ ላይ…»

«አውቃለሁ። በመስኮት አይቼሻለሁ» አሉ። ድምፃቸው ተሟጧል። «ስትዞሪ፣ ስትዞሪ። ከአንዱ ጎረምሳ ጋር ተጣልታ ነው ብዬ ነበር።»

«ለጊስሌን ለምን አልነገሯትም?»

«መጣሽ አይደል?»

ይህን ብለው ዓይናቸውን ጨፈኑ። ምንም አይደል አላሉኝም። ያን ቀን እስኪመሽ ትንፋሻቸውን ስቆጥር ዋልኩ፤ ባቋረጠ ቁጥር ነፍሴ ትወጣለች።

በአምስተኛው ቀን ጉበታቸው ማገገም ጀመረ። በዘጠነኛው ቀን ቤት ገቡ። እሁድ ምሳ ላይ ጊስሌን ዶሮ ጠበሰች፤ ኦበን ደህና የወይን ጠጅ ከፈተ።

ጊስሌን ብርጭቆዋን አንስታ «ለማኒቮን፤ አንዲት ደቂቃ ላላባከነችው» አለች።

እማማ ኦዲል ሳህናቸውን ያያሉ እንጂ ቀና አላሉም። እሳቸው እንደማይናገሩ ገባኝ፤ ዝም ብል ነገሩ እዚያው ላይ ሞቶ ይቀራል።

«አንድ ሰዓት ነው» አልኩ።

«ምኑ?»

«ያባከንኩት። ፋርማሲው ውስጥ ሥዕሉን አይቼ አወቅኩ። ከዚያ አደባባዩን አንድ ሰዓት ዞርኩ። እንዳታባርሩኝ ፈርቼ ነው።»

ኦበን ሊቀልድ አፉን ከፈተና ተወው። ጊስሌን ብርጭቆዋን ሳትቀምሰው አስቀመጠች።

«አንድ ሰዓት» አለች። «በእናቴ ላይ።»

እማማ ኦዲል ከጠረጴዛው ሥር እጄን ያዙኝ። ተነሥቼ መሮጥ አማረኝ፤ አልተነሣሁም። ጊስሌን ሳህኗን ገፋ አድርጋ ወደ እኔ ዞረች።

«ሌላስ? ሌላ ያልነገርሽኝ አለ?»

«የለም።»

«እንግዲያው ምሳሽን ብዪ» አለች።

ሹካዬን አንሥቼ በላሁ። እሷ አልበላችም።